እማዬ፣ ከመሬት ስር አድሬ የጻፍኩልሽ

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ስልክ ላይ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሳልጨርስ "በቃ እሺ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። የጎረቤት ልጅ ፎቶአችንን ፌስቡክ ላይ አሳይታሽ "ፈቃድ የለኝም ብላኝ እሷ ለካ ሽርሽር ላይ ናት" ብለሽ ማዘንሽን ሰምቻለሁ። እውነትሽን ነው፣ ፈቃድ ከለከሉኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። የሰጡኝ ሁለት ሳምንት ነበር፣ የልጆቹም ትምህርት የሚዘጋው ሁለት ሳምንት ነው፣ ለአራት ሰው ትኬት ስጠይቅ የነገሩኝን ዋጋ ደግሞ ለአንቺ መናገር አፈርኩ። የባሌ የሥራ ጓደኛ ካራቫኑን በነፃ ሲያውሰን ልጆቹ ቤት ተዘግተው ከሚውሉ ብለን ወጣን። ይኸው ነው።

ካራቫን የምልሽ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው፣ አልጋም ምድጃም አለው፣ አንቺ ብታዪው "ይሄ የዶሮ ቆጥ ነው" ነው የምትይው። እዚህ አውስትራሊያ ከሜልበርን ተነስተን አዴሌይድ አድረን ከዛ ወደ ሰሜን በረሃውን ያዝነው። ሰዓት ሙሉ ነድተሽ ቤት አታዪም፣ ቀይ አፈርና ሰማይ ብቻ። ኩበር ፒዲ የምትባል ከተማ ልንደርስ ስንል ካራቫኑ ሲጢጥ ማለት ጀመረ፣ ለካ የአንዱ ጎማ ኩሽኔታ አልቋል፣ ዕቃው ደግሞ ከአዴሌይድ ካልመጣ የለም አሉን፣ አዴሌይድ ማለት 850 ኪሎሜትር ወደ ኋላ ነው። አንድ ለሊት ልናድርባት ያሰብናት ከተማ አራት ለሊት ያዘችን።

እማዬ ሰዎቹ እኮ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚኖሩት! ከተማዋን ከላይ ስታያት ምንም የላትም፣ ዙሪያዋን ኩይሳ የመሰለ የአፈር ክምር ብቻ ነው፣ ቤቱ ኮረብታው ውስጥ ተፈልፍሎ ገብቷል፣ ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቱ፣ ሁሉም። በበጋ ውጪው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ውስጡ ያው 23፣ 24 ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ናቸው አሉ እንዲህ መኖር ያስለመዱት፣ ምሽግ ውስጥ ከርመው የመጡ ናቸዋ። አሁን እዚህም እንደናንተው ክረምት ነው ግን ጠብ የሚል ነገር የለም፣ የሚጠጣው ውሃ 24 ኪሎሜትር ርቆ ከተቆፈረ ጉድጓድ መጥቶ ጨውነቱ ከወጣለት በኋላ ነው። ለሊቱ ደግሞ ብርድ ነው፣ የመጀመሪያውን ለሊት ካራቫኑ ውስጥ ተንቀጥቅጠን አደርንና በነጋታው ከመሬት ስር ክፍል ተከራየን። መብራቱን ስታጠፊው ጨለማው ሌላ ነው፣ እጅሽን አታዪውም፣ ድምፅም የለም። ልጆቹ ለጥ አሉ፣ እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ወንድሜን ነበር የማስበው።

ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች የሚቆፍሩት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ኦፓል! ያንኑ የኛን የወሎ ደላንታን የከበረ ድንጋይ። በፈረንጅ 1915 ከአባቱ ጋር ወርቅ ፍለጋ የመጣ የ14 ዓመት ልጅ ነው አሉ ያገኘው፣ ከዛ ወዲህ ቁፋሮው አላቆመም። የተቆፈረውን አይደፍኑትም፣ ሜዳው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው ያለው፣ መንገድ ዳር ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሳይ ታፔላ ተክለዋል፣ "አትሩጥ፣ ወደ ኋላ አትራመድ" ይላል። ወደ ኋላ የሚራመድ ማን ነው ብዬ ስስቅ ባሌ "ፎቶ የምታነሺ አንቺ" አለኝ፣ እውነትም ስልኬን ይዤ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር።

አንድ ሱቅ ገባን፣ ሽማግሌው ከየት ናችሁ ሲለን ኢትዮጵያ አልነው፣ ተነስቶ ከመሳቢያ የወሎ ኦፓል አወጣ። ወገልጤና ብሎ የደላንታ ከተማችንን ስም ሲጠራ እንባዬ መጣ እኮ። የነሱ ድንጋይ ውሃ አይጠጣም፣ የናንተው ግን ይጠጣል አለና አንዷን ብርጭቆ ውስጥ ጨመራት፣ እያየናት ቀለሟ ጠፍቶ መስታወት መሰለች፣ ስትደርቅ ይመለሳል አለን። ውሃ ብቻ አይደለም፣ ቅባትም ከጠጣች ትበላሻለች አለ። ይሄን ሲል ወንድሜ በ2000 ዓ.ም. ያ ድንጋይ ገና መውጣት ሲጀምር የሰጠሽና ሙዳይሽ ውስጥ ያስቀመጥሻት ትዝ አለችኝ። እማዬ በቅቤ እጅሽ እየነካካሻት እንዳይሆን!

እሱስ አሁንም ገደሉ ውስጥ ይገባል? እኔን ስጠይቀው "ትቻለሁ" ነው የሚለኝ፣ እኔም ፈቃድ የለኝም ብዬሽ የለ። እዚህ በማሽን የሚቆፍሩት እንኳን ይፈራሉ፣ እሱ በዶማ ነው። አንቺ ጠይቂው፣ አንቺን አይዋሽም።

እሁድ ቤተክርስቲያን ሄድኩ፣ እሱም መሬት ውስጥ ነው፣ የሰርቢያ ኦርቶዶክሶች ናቸው በፈረንጅ 1993 የሠሩት፣ ነቢዩ ኤልያስ ይባላል። የኛ ባይሆንም ተሳለምኩ። ግድግዳው አለት ነው፣ የማሽኑ ጥርስ የፈለፈለበት መስመር እስካሁን ይታያል፣ በእጄ ስዳስሰው ልጅ ሆኜ በእግር ይዘሽኝ ላሊበላ የሄድን ጊዜ፣ ጫማዬን አስወልቀሽ "ግድግዳውን ሳሚ" ያልሽኝ መጣብኝ። ሻማ አበራሁና በክርስትና ስምሽ ጠራሁሽ።

ኩሽኔታው በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ልናየው ወዳሰብነው ትልቅ ቀይ አለት፣ ወደ ኡሉሩ መሄዱ ቀረ፣ ከዚያው ተመለስን፣ ባሌ እስካሁን ያኮርፋል።

ለጥምቀት ትኬት እየጠየቅኩ ነው፣ ብቻዬንም ቢሆን፣ ሳልቆርጥ ግን ቃል አልገባልሽም። ትንሿ ልጅሽ ከአፈር ክምሩ ላይ ስትለቅም አንዲት ነጭ ድንጋይ አግኝታለች፣ ቀለም የላትም፣ ሽማግሌው ዋጋ የላትም ብሏታል፣ እሷ ግን በሶፍት ጠቅልላ "ለአያቴ ነው፣ ከአጎቴ ድንጋይ ጋር ታስቀምጠው" ብላኛለች። የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

ልጅሽ