ሚኒስትር የሚያመልጠው በላላ ጥያቄ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ እንዲጠራ ሥልጣን ሰጥቶታል። ሥልጣኑ የሚባክነው በአጠያየቁ ነው።

አንድ ተወካይ አምስት ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ሲያነሳና ሌሎችም ሲከተሉት፣ ሚኒስትሩ ሁሉንም ጠቅልለው ይመልሳሉ። ቀላሉ ይብራራል፣ ከባዱ ይታለፋል፤ የታለፈውን ቆጥሮ የሚይዝ ከሌለ እዚያው ይቀራል። «ምን እየተሠራ ነው?» ማለትማ ለሪፖርት ንባብ በር መክፈት ነው።

የአዳማ ተወካይ ስለ አንድ የፌዴራል መንገድ «ለምን ዘገየ?» ቢል «በግብዓት እጥረት» ይባላል፤ በቃ። «ለበጀት ዓመቱ ስንት ብር ተያዘ? እስከ መጋቢት 30 ስንቱ ተከፈለ? ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራበት?» ቢል ግን ማምለጫው ይጠባል። ሦስቱም አንድ ጉዳይ ናቸው፤ መልሱም ከመሥሪያ ቤቱ የራሱ የዘጠኝ ወር ሪፖርት ጋር ይመሳከራል።

ከሁሉ በላይ የምንጓጓለት ተከታይ ጥያቄ ነው። መልሱ እንደተሰማ መድረኩ ለዚያው ጠያቂ ይመለስ፤ አንድ ደቂቃ ይበቃል። በቃል ያልተመለሰው በቀነ ገደብ በጽሑፍ ይቅረብ፣ ቋሚ ኮሚቴውም ይከታተለው። የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ሰኔ 30 ስለሚያበቃ፣ በግንቦት የተነሳ ጥያቄ ቀን ካልተቆረጠለት ክረምቱን ያድራል።

ይህም ካልሠራ ንዑስ አንቀጽ 18 አለ፦ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ይወያያል፣ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃም ይወስዳል።

ከአዳማ