በልጆች አንገት ላይ ስለሚወጣ እብጠት ለጤና ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፤

ልጄ የ11 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ውኃ በጠጣች ቁጥር ጠጠር የሚያህል እብጠት ጉሮሮዋ ሥር ከፍ ብሎ ሲመለስ አየሁ። አያማትም፤ ትኩሳትም አልነበራትም። «ንፍፊት ነው» እየተባለ ለወራት አንቲባዮቲክ ሲቀያየርላት ከቆየ በኋላ፣ አልትራሳውንድ ተነስታና በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶላት የታይሮይድ፣ ማለትም ጉሮሮ ሥር ያለችው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ፣ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የምጽፍልዎ ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ እነዚያ ወራት በሌላ ልጅ ላይ እንዳይደገሙ መመሪያ እንዲያወጡ ለመጠየቅ ነው።

የታይሮይድ እባጭ በልጆች ላይ የሚታየው ከአዋቂዎች ባነሰ ቁጥር ቢሆንም፣ ካንሰር ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ግን በእጅጉ ይበልጣል፤ የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የሕክምና መመሪያ በአዋቂዎች ከ5 እስከ 10፣ በልጆች ከ22 እስከ 26 በመቶ ያደርሰዋል። ስለዚህ በልጅ አንገት ላይ ያለ እብጠት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ካልጠፋ፣ ሌላ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት አልትራሳውንድ እንዲታይ፣ የሚያጠራጥር ከሆነም ናሙና እንዲወሰድ ይታዘዝልን።

የአብዛኞቹ ልጆች ሕመም መነሻ አይታወቅም፤ ራሱን ለሚወቅስ ወላጅ ይህን ሐኪሙ ቢነግረው ትልቅ እፎይታ ነው። በእርግጥ ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱ ጨረር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል አደጋ በኋላ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ያለበት ወተት የጠጡ ብዙ ሕፃናት በዚህ ካንሰር ተይዘዋል። በመሆኑም ለሌላ ካንሰር አንገታቸው በጨረር የታከመ ልጆች በየጊዜው መመርመር አለባቸው። ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት ደግሞ ሬት (RET) በተባለ ዘረመል በኩል ሊወረስ ስለሚችል፣ የታማሚው ወንድሞችና እህቶች የዘረመል ምርመራ ሊነፈጋቸው አይገባም።

በሽታው በልጆች ላይ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ወደ አንገት የሊምፍ ዕጢዎች፣ አንዳንዴም ወደ ሳንባ ተሰራጭቶ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በወጉ ከታከሙ አብዛኞቹ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ሲሆን፣ ለሚያስፈልጋቸው የቀሩትን የካንሰር ሕዋሳት እንዲያጠፋ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ይሰጣል። ነገር ግን የድምፅ ነርቭና ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ጥቃቅን ዕጢዎች እዚያው አጠገብ ናቸው። ልጄ ከቀዶ ጥገናው ማግስት ጣቶቿን እያሻሸች «ደነዘዙብኝ» ያለችኝ ካልሲየሟ ወርዶ ነበር። ቀዶ ጥገናው ይህን ሥራ አዘውትረው በሚሠሩ ሐኪሞች እጅ ብቻ እንዲከናወን መደንገግ የእርስዎ ሥልጣን ነው።

ታይሮይዷ ሙሉ በሙሉ የወጣላት ልጅ የታይሮይድን ሆርሞን የሚተካውን ሊቮታይሮክሲን ዕድሜ ልኳን በየቀኑ ትወስዳለች፤ መጠኑም ከእድገቷ ጋር በደም ምርመራ ይስተካከላል። ይህ ክኒን ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ አንድም ቀን እንዳይጠፋ ዋስትና እንዲሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት እናት