ሲፈልጉ የሚያጠፉት ግሳት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ባወጣችሁት ጽሑፍ የአሜሪካኖቹን ማስል ካሮች፣ ማለትም ትልልቅ ሞተር ያላቸውን ጉልበተኛ መኪኖች፣ የገደላቸው የኤሌክትሪክ መኪና ነው ብላችኋል። እኔ እንኳ አልስማማም።

ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። የሰው መኪና ሳነሳና ሳቆም ነው የምውለው። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ዶጅ ቻሌንጀር ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ አንዴ ያገሳል። ከዚያ ረገብ ብሎ ማጉረምረም ይጀምራል። ግድግዳችን ላይ የተሰቀሉት ቁልፎች ቅጭል ቅጭል ይላሉ። አንዳንዴ አጠገቡ የቆመው መኪና አላርሙ ይጮኻል። ምድር ቤት ስለሆንን ጭሱ ቶሎ አይወጣም። ለሳንባዬ እንደማይበጅ አውቃለሁ። የቤንዚኑ ነገርማ አይነሳ! ቢሆንም ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

የመጨረሻው ቻሌንጀር ካናዳ፣ ብራምፕተን ካለው ፋብሪካ የወጣው ዲሴምበር 2023 ነው። ሼቭሮሌም በዚያው ወር ካማሮን አቆመ። የጭስና የነዳጅ ፍጆታ ሕጉ ጠብቆባቸው ነበር። ካማሮ ደግሞ ገበያውም ቀዝቅዞበታል። ፎርድ ግን ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ማስታንግ ዛሬም ይሠራል።

ዶጅ በምትኩ ያመጣው የኤሌክትሪክ ቻርጀር ዴይቶናን ነው። አንድ ደንበኛችን ገዝቶት መጣ። ጉልበቱን አልንቅም። 670 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞዴል ከ2,600 ኪሎ በላይ እየመዘነ በ3.3 ሰከንድ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከብዙዎቹ የድሮ ቻሌንጀሮች ይቀድማል። ያስገረመኝ ሌላ ነው። መኪናው ሲገባ ከኋላው ግሳት ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፤ ማርሚታ የለውም። ድምፁ የሚወጣው ከማጉያ ነው። ልጁ ሳፈጥ አይቶ «ይረብሻል እንዴ?» አለኝና በጣቱ ነካ አድርጎ አጠፋው። ጭጭ አለ።

በዚያ ቅጽበት ለመኪናው አፈርኩለት።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም የኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚነዳው። ኢትዮጵያ በ2024 የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለች አዲስ ላስመጣ ላለ ሰው ሌላ ምርጫ የለም። የእሱ መኪና ዝም ብሎ ይሄዳል። አግሳ ያለው ሰው የለም። ወንድሜ እንደውም በጣም የወደደለት ዝምታውን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በራሱ ጠባይ ሲሄድ ምንም አይወጣለትም። ሟቹን ልምሰል ሲል ነው የሚያስቀው።

ገዢውም የታዘበው ይመስለኛል። ዴይቶናው እንደታሰበው አልተሸጠም። ዶጅ ርካሹን ሞዴል ለ2026 ሰረዘውና ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ቻርጀር አመጣ። እህት ድርጅቱ ራም ደግሞ ከፒክአፑ ያወጣውን ሄሚ የሚባል ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር መልሶ ገጠመው። የ7,500 ዶላሩ የመንግሥት ድጎማም በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ቀርቷል። እንግዲህ ገዳይ የተባለው ራሱ ነው ገበያ ያጣው።

እኛ ጋ አሁን ሦስት ቻሌንጀሮች ያድራሉ። የአንደኛው ባለቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ ሁሌም አንድ ነገር ያስጠነቅቁኛል፦ «ጠዋት እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት።»

አንባቢያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ