የሰፋነው ደሪቶ የዘይት መጥረጊያ ስለመደረጉ

ለማሰልጠኛ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። ማን እንደሆንኩ፣ በየትኛው ምድብ እንደምማር፣ ስንት እንደከፈልኩ ፋይላችሁ ላይ አለ። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ማመልከቻዎችም እዚያው ናቸው። ስለዚህ ያንን ሁሉ አልደግመውም። አሁን የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ነው።

የምድባችን ሰልጣኞች ቁራጭ ጨርቆችን ገጣጥመን በጋራ የጀመርነውን ደሪቶ ቤት ወስደን እንጨርሰው ብለን ጠይቀን ነበር። አስተባባሪያችሁ ከለከለ። «የማዕከሉ ሥራ ነው፤ ለምረቃ ይሰቀላል። ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ማንም አይነካውም» አለን። ይህን ያለው በሁላችንም ፊት ነው። አመንነውና ትተን ሄድን።

ቅዳሜ ጠዋት ስገባ የስፌት መኪና የሚጠግነው ልጅ መኪኖቹን እየፈታ ዘይት ያጠጣል። በእጁ የያዘውን ጨርቅ ገና ከበር አወቅሁት። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ አበባ ያለው፣ ከእናቴ ቀሚስ የተቆረጠው ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ከጎኑ ቢጫው፣ ከቢጫው ቀጥሎ ነጩ ፖፕሊን፣ በሰፋነው ተራ እንደተያያዙ አሉ። ግማሹ በጥቁር ዘይት ተለውሷል። ረድፉን ለሁለት ቀዶታል። ስፌታችን አንድ ቦታ እንኳን አልተተረተረም፤ የተቀደደው ጨርቁ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። «ውሰድና ጥረግበት ብለው ሰጡኝ» አለኝ። የእኛ ሥራ መሆኑን ስነግረው ደንግጦ የቀረውን ሰብስቦ ሰጠኝ።

ጨርቁን ይዤ አስተባባሪው ቢሮ ገባሁ። አንቱ እያልኩ ነው ያናገርኩት፤ በዕድሜ ልጄ ቢሆንም ቢሮ ነውና። እሱ ከስልኩ ቀና አላለም።

«ደሪቷችን እንዴት መጥረጊያ ሆነ?»

«የቱ ደሪቶ?»

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«እሱማ ቁርጥራጭ ነው። ቁም ሳጥኑ ለአዲሱ ምድብ ዕቃ ተፈለገና ወጣ።»

«ይቆለፍበታል፣ ማንም አይነካውም ብለውን አልነበር?»

«በቃ አሁን ለጨርቅ ብለሽ ሥራ አታስፈቺኝ። ደሪቶ እንደሆነ እናትሽም ቤቷ ቁጭ ብላ ትሰፋው ነበር። ለዚህ ነው ማሰልጠኛ የመጣሽው?»

አዎ፣ ለዚህ ነው የመጣሁት። እናቴ ደሪቶ ትሰፋ ነበር። የደሴን ብርድ ያለፍነው እሱን ለብሰን ነው። እጇ ምን ያህል እንደሚደክም ስላየሁ ነው በመኪና መስፋቱን ልማር ብዬ የከፈልኩት። አስተባባሪው ቁርጥራጭ የሚለው ነገር ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ልንገረው። እያንዳንዱ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ታጥቧል። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ አንዱ ካሬ ሲያጥር ሌላው ይጨማደዳል። ቀይ ቀይዎቹን ለብቻ ዘፍዝፈን ቀለም መልቀቃቸውን እስኪያቆሙ ጠብቀናል። ከዚያ ሁሉንም በ10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ቆረጥን። ለስፌት የምንተወው ጠርዝ ከካሬ ካሬ በሁለት ሚሊ ሜትር ቢለያይ፣ ረድፉ ሲያልቅ ልዩነቱ ተደማምሮ ከጎረቤቱ ረድፍ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ እየለካን እየፈታን ነው የሰፋነው። የቀረን ከሥሩ አቡጀዲ፣ መሃል ላይ ያረጀ ጋቢ አድርገን ሦስቱን አንድ ላይ መስፋት ነበር። ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ነው የሚሰፋው፤ ከዳር ከተጀመረ መሃሉ ያብጣል። ያንን ትምህርት ስንጠብቅ ነው ጨርቁ ዘይት መጥረጊያ የሆነው።

ትምህርቱስ ቢሆን መቼ ተሰጠን? በማስታወቂያችሁ ላይ ስፌት፣ ደሪቶ እና የልብስ አያያዝ ይላል። ከስፌቱ በኋላ ያለው የሦስተኛው ወር ሁሉ «መምህር እየተፈለገ ነው» በሚል አለፈ። ኮምቦልቻ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት። ከ2009 ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቶባታል። ስፌትና ጨርቅ የሚያውቅ ሰው እዚህ አካባቢ ጠፋ ብትሉኝ አልቀበልም። ከልብ ቢፈለግ ይገኛል።

የልብስ አያያዙ ለናንተ ትንሽ ነገር ይመስላችኋል መሰለኝ። ለእኔ ግን እንጀራዬ ነው። ልብስ የማደስ ሥራ ልከፍት ነው የተመዘገብኩት። ደሴ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል፤ ጋቢ ታጥቦ ቀናት ይቆያል፣ ይሸታል፣ ነጠብጣብ ሻጋታ ያወጣል። ይህን እንዴት እንደምከላከል ማወቅ አለብኝ። የነጠላ ጥለት ቀለሙን ለቆ ነጩን እንዳያበላሽ ምን ላድርግ? ካውያ ላይ ያሉት ነጥቦች አንዱ እስከ 110፣ ሁለቱ እስከ 150፣ ሦስቱ እስከ 200 ዲግሪ እንደሆኑ፣ በረኪና ሱፍንና ሐርን እንደሚበላ ከስፌት መምህራችን ሰምቻለሁ፤ ያውም በትርፍ ሰዓቷ፣ በራሷ ፈቃድ። አንድ ቀን ትንሽ ክር አቃጥላ አሳየችን። ጥጡ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ሆነ፤ ፖሊስተሩ ቀልጦ ጠጠረ። ያን ቀን ብቻ የተማርኩት ስንት ልብስ ከመቃጠል ያድናል። ሙሉው ትምህርት ቢሰጠን ኖሮስ?

አንዴ ከጀመርኩ ሌላውንም ልናገር። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ መኪና ተብሎ ነበር፤ ለሦስት አንድ ነው የደረሰን። የጨርቅ ጠርዝ የሚከፍፈው መኪና፣ ኦቨርሎኩ፣ ያለበትን ክፍል ብንፈልግ መብራት ሲኖር አስተባባሪው የለም፤ አስተባባሪው ሲኖር መብራት የለም፤ ክፍሉን የሚከፍተው እሱ ብቻ ነውና። ጂንስ በ90 ቁጥር መርፌ ስፉ ተባልን። ለጂንስ ወፈር ያለው 100 ወይም 110 እንደሚያስፈልግ እየነገርናችሁ መርፌው ሲሰበር ከኪሳችን ግዙ አላችሁን። የማካካሻ ትምህርቱን ደግሞ ሰኞ አደረጋችሁት። ደሴ ላይ ሰኞ የገበያ ቀን መሆኑን የማያውቅ አለ? ከመካከላችን ሽንኩርትና በርበሬ ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ገበያቸውን ትተው መጡ፤ በሩ ዝግ ነበር። የዚያን ቀን ይቅርታ ያላቸው ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ቅዳሜ ግን ከቢሮው ስወጣ አስተባባሪው «ሂጂ የፈለግሽበት ክሰሺ» ብሎኛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማንጓጠጥ የመጠበቅ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። ከፍለን ነው የምንማረው፤ ይህ መብት እኛንም ይመለከታል።

መጀመሪያ ልጠይቅ ያሰብኩት ደሪቶው እንዲተካ ብቻ ነበር። ግን የእናቴ ቀሚስ በምን ይተካል? አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። አስተባባሪው ያንን ቃል በተናገረበት ምድብ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይበል። የደሪቶውና የልብስ አያያዙ ትምህርት በሙሉ በቅዳሜ፣ ክፍሉ ክፍት ሆኖ፣ መምህር ተመድቦ ይሰጠን። ይህ በአንድ ወር ውስጥ ካልተጀመረ የሦስተኛው ወር ክፍያ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለምድቡ ሁሉ ይመለስ። እስከዚያው በስሜ የተዘጋጀውን ሰርተፍኬት አልፈርምበትም። ወረቀቱ ላይ የልብስ አያያዝ ተምራለች ተብሎ ተጽፏል፤ አልተማርኩም። ነገ የሰው ሐር ቀሚስ አቃጥዬ «ሰርተፍኬት አለኝ» ማለት አልችልም።

ምላሽ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ለከተማው ንግድ መምሪያ እና ፈቃድ ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት አስገባለሁ። ዘይት የነካው ጨርቅ እኔ ጋ ነው፤ እሱንም ይዤ እሄዳለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ማኅተም አድርጋችሁ ስጡኝ። በስልክ የሚነገረኝን ከእንግዲህ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር
ከቅዳሜ ምድብ ሰልጣኞች አንዷ