ድራማው ሌላ፣ ዲስኩ ሌላ፦ የሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በአዳማ ያለው የትምህርት ቤታችን ሚዲያ ክበብ የዓርብ ከሰዓት ጊዜ ዘንድሮ ለአንድ ሥራ ዋለ፤ በዲስክ የወጣ የቆየ ተከታታይ ኮሜዲ አይቶ የተመልካች አስተያየት መጻፍ። የተመረጠው ከ1994 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤንቢሲ በ10 ሲዝን፣ በ236 ክፍል የታየው «ፍሬንድስ» ነው። የተመረጠውም በዲቪዲ የወጣውና በብሉ ሬይ (ከዲቪዲ በኋላ በመጣው፣ ሥዕልን በላቀ ጥራት በሚይዘው ዲስክ) የወጣው አንድ ስላልሆነ ነው።

በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የተጻፉት አስተያየቶች «ያስቃል፣ አያስቅም» ከማለት ብዙም አላለፉም። ይህ ዲስክ ሊገዛ ገንዘቡን ይዞ ለቆመ ሰው ምንም አይነግረውም። እሱ የሚጠይቀው ሥዕሉ ጥራት አለው ወይ፣ የተቆረጠ ነገር አለ ወይ፣ እኔ ቤት ባለው ማጫወቻ ይሠራል ወይ ብሎ ነው። ከሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ እያንዳንዱ ጽሑፍ ድራማውንና ዲስኩን ለየብቻ እንዲመዝን ተደረገ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካው ዲቪዲ ላይ በሥርጭት ጊዜ ለሰዓት ሲባል የወጡ ትዕይንቶች ተመልሰው ገብተዋል፤ ሥዕሉም እንደ ድሮው ቴሌቪዥን 4 ለ 3 ነው፤ ማለትም ስፋቱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሉ ሬይ ደግሞ ድራማው ከተቀረጸበት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም እንደ አዲስ የተዘጋጀ ነው፤ የፊትና የልብስ ዝርዝር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን ክፍሎቹ በሥርጭቱ ርዝመት ቀርተዋል፣ ሥዕሉም እንደ ዛሬው ሰፊ ስክሪን 16 ለ 9 ሆኗል። ከጎንና ከጎን ሲጨመር ከላይና ከታች ጥቂት ይቆረጣል። ቀራጮቹ በጊዜው የሚጠነቀቁት ለ4 ለ 3 ብቻ ስለነበር፣ አልፎ አልፎ ጠርዙ ላይ መታየት ያልነበረበት ሰው ብቅ ይላል። ዲቪዲውን ለዓመታት የወደዱ ተመልካቾች በብሉ ሬዩ ቅር የተሰኙት በዚህ ነው። በክበቡም ክርክሩ የጦፈው እዚሁ ላይ ነበር። የተጨመሩት ትዕይንቶች ስጦታ ናቸው የሚሉ ነበሩ፤ የቀልዱን ፍጥነት ይጎትታሉ የሚሉም ነበሩ። በእኔ አስተያየት ሁለተኛዎቹ ትክክል ናቸው፤ ድራማው በስቱዲዮ ተመልካች ፊት የተቀረጸ ስለሆነ ሳቁና ንግግሩ አንድ ላይ ይሄዳል፣ አንድ ደካማ ቀልድ በመካከል ሲገባ ወዲያው ይታወቃል።

ብዙ ጊዜ የበላው ስህተት የስክሪን ቅንብር ነው። የ4 ለ 3 ሥዕል በሰፊ ስክሪን ላይ ተለጥጦ ሲታይ ስፋቱ በ33 በመቶ ይጨምራል፤ ፊቱ ሁሉ ያበጠ ይመስላል። አንዳንዱ ጸሐፊ ይህን የዲስኩ ጉድለት አድርጎ ጽፎ ነበር። በሪሞት 4 ለ 3 ሲመረጥ ሥዕሉ የስክሪኑን ስፋት 75 በመቶ ይይዛል፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ጥቁሩ ጉድለት አይደለም።

ከውጭ ዘመድ ዲስክ ለሚያስመጣ ቤተሰብም አንድ ማሳሰቢያ። የዲቪዲ ዓለም በክልል ቁጥር የተከፈለ ነው፤ የአሜሪካው 1፣ የእኛው 5። ማጫወቻው ሁሉንም የማያነብ ከሆነ ዲስኩን አይቀበልም። በኮምፒውተር ላይ ክልሉን መቀየር ይቻላል፣ ግን የሚፈቀደው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጨረሻ በተመረጠው ላይ ይቆለፋል። ለሙከራ ብሎ መነካካት አያስፈልግም።

የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ሌላው ፈተና ነው። ዲስክ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይጠረጋል፣ ዙሪያውን አይታሽም። መረጃው የተጻፈው ዙሪያውን ስለሆነ በዚያው አቅጣጫ የተጫረ መስመር ተከታታይ መረጃ ያጠፋል፤ ማጫወቻውም ሊያርመው አይችልም። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሄደ ጭረት ግን በየዙሩ የሚነካው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

ለ2018 የታሰቡት በየቤቱ መሳቢያ ያሉት የአማርኛ ፊልም ቪሲዲዎች ናቸው። የእነሱ ሥዕል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ አንዱ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጥ ነበር። አንደኛው ብቻ የቀረው ተማሪም ይዞ ይምጣ፤ ሁለተኛው ምናልባት ከሌላ ተማሪ ቤት ይገኛል።