በሥዕልና በዜማ የሚያስተምረው ነፃ ትምህርት ቤት ለልጆቻችንም ነው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ትምህርት ቤቶች ምርጫ የወጣውን አስተያየት አነበብኩት። ጸሐፊው ለወላጆች ማሰባቸው ግልጽ ነው፤ ስለ ሒሳብና ስለ ንባብ ያነሱት ስጋትም የብዙዎቻችን ስጋት ነው። ሥነ ጥበብን የትምህርታቸው መሠረት ያደረጉትን ቻርተር ትምህርት ቤቶች ግን የግል ትምህርት ቤትና የሀብታም ልጆች መዋያ አድርገው ማቅረባቸው ትክክል አይደለም። ልጄ የምትማረው እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ነው። እኔ የቤት ለቤት የአረጋውያን ረዳት ነኝ፤ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ለትምህርት ክፍያ ብለን ያወጣነው ገንዘብ የለም። ያን ጽሑፍ ያነበበች አንዲት እናት እንኳ ማመልከቻውን ትታው እንዳትቀር ብዬ ነው የምጽፈው።

ቻርተር ትምህርት ቤት በመንግሥት በጀት የሚተዳደር የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ከሌላው የሚለየው የራሱ ቦርድ ያለው መሆኑና ሥርዓተ ትምህርቱን ራሱ መቅረጽ መቻሉ ነው። የመጀመሪያው የቻርተር ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 በሚኒሶታ ሲሆን የመጀመሪያው ትምህርት ቤትም በማግሥቱ ዓመት በሴንት ፖል ተከፈተ። ወደ ዲሲ የገባው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዛሬ በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ በቻርተር ውስጥ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ወላጅን የትምህርት ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ልጅን ፈትኖ መርጦ መቀበልም አይችልም። አመልካች ከቦታው ከበለጠ ዕጣ ይወጣል። ቻርተር ያልሆነው ዱክ ኤሊንግተን፣ በ1974 የተከፈተው የኪነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ተሰጥኦን በፈተና አይቶ ነው የሚቀበለው። በቻርተር ግን እርሳስ በወጉ መያዝ ያልቻለ ልጅም እኩል ዕድል አለው። የስደት ወረቀት ጉዳይም ልጅን ከትምህርት ቤት አያስቀርም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንን በ1982 ወስኗል።

የሀብታም ነው የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ የሚከተሉት ዋልዶርፍ የሚባለውን፣ ትምህርቱን ከሥዕል፣ ከዜማና ከእጅ ሥራ ጋር የሚያዋህደውን ዘዴ ነው፤ በዚህ አገር የዋልዶርፍ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ በዓመት በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው የዋልዶርፍ ትምህርት ቤት በ1919 በጀርመኗ ሽቱትጋርት ሲከፈት ለሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ነበር። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ኤሚል ሞልት ፈላስፋውን ሩዶልፍ ሽታይነርን ጠርቶ ነው ያስጀመረው፤ ዋልዶርፍ የሚለው ስም ራሱ የፋብሪካው ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ በካሊፎርኒያና በሌሎች ግዛቶች ዘዴው በነፃ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ሲገባ ወደ ሠራተኛው ልጅ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ሁሉም የሥነ ጥበብ ቻርተር ዋልዶርፍ አይደለም፤ ዋልዶርፍን ሳይከተሉ ሳይንሱንና ታሪኩን በቲያትር፣ በሙዚቃና በሥዕል የሚያስተምሩም አሉ። የሚያመሳስላቸው ሥነ ጥበብን አርብ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፈ ብለው አለመያዛቸው ነው። አገር ቤት የተማርን ሰዎች የሥዕልና የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ እንደተወሰደብን እናስታውሳለን።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ክፍልፋይን የተማሩት በከበሮ ነው። መምህሯ አንዱን ሙሉ ምት ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየከፈለች ታስመታቸዋለች፤ ልጆቹ በቡድን ተከፋፍለው አንዱ ግማሹን፣ ሌላው ሩቡን ይይዛል፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ይሰማዋል። ከዚያ ተቀምጠው የመቱትን በቁጥር ይጽፉታል። መጀመሪያ እኔም ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጠረጴዛውን በማንኪያ እየመታች ሁለት ስምንተኛ ለምን አንድ ሩብ እንደሚሆን ስታስረዳኝ ግን ነገሩ ገብቷታል፤ በቃሏ የሸመደደችው አልነበረም።

ስለ ዕፅዋት በተማሩ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ተክል መርጦ በራሱ ደብተር እንዲሥልና እንዲጽፍ ታዘዘ። የታተመ መማሪያ መጽሐፍ የላቸውም፤ መጽሐፉን የሚያዘጋጁት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ልጄ ቡናን መረጠች። ከኢንተርኔት አይታ የሣለችውን ይዛ መጥታ ለአያቷ አሳየቻት። እናቴ ያደገችው ጅማ አካባቢ ነው። መነጽሯን አድርጋ ረጋ ብላ አየችውና፣ "የኔ ልጅ፣ የቡና ቅጠል እንዲህ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ አይወጣም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ነው። አበባውም ነጭ ነው እንጂ ቢጫ አይደለም" አለቻት። ቀጥላ ሽታው ምን እንደሚመስል፣ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲሄድ መቼ እንደሚለቀም ነገረቻት። ልጅቷ እንደገና ሣለችው። መምህሯ ሁለቱንም ሥዕሎች ደብተሩ ውስጥ እንድታስቀምጥና በመካከላቸው አያቷ ያረመቻትን እንድትጽፍ ነገረቻት፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጻፈችው። የክፍሉ ሥራ ለወላጆች በቀረበበት ምሽት እናቴ ከደብተሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሌሎች ወላጆች ስለ ቡና ይጠይቋታል፤ የልጅ ልጇ ታስተረጉማለች። እዚህ አገር ከመጣች ወዲህ ሰው እንደ አዋቂ ሲጠይቃት ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሥዕሉ የሠራውን ሥራ ልብ በሉልኝ። ልጅ ቅጠሉን ለመሣል ግንዱ ላይ የት ጋ እንደሚበቅል ማየት አለባት፤ አስተውሎ ማየት ደግሞ የሳይንስ መጀመሪያ ነው። ከአራት ምርጫ አንዱን በማክበብ ይህ አይገኝም። ሙዚቃ የተማረ ልጅ የግድ በሒሳብ ይበልጣል ብዬ አልከራከርም፤ ልጄ ሠዓሊ ትሁን የሚል ሐሳብም የለኝም። የምለው በሥዕል፣ በዜማና በእጅ ሥራ የሚማር ልጅ የእውነት እየተማረ ነው።

ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር። በዜማ ቤት ድጓ የሚዘልቀው ተማሪ የሚማረው በድምፁና በጆሮው ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ እየተባለ የመጣው ዜማ ለዘመናት ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። በአቋቋም ተማሪው በመቋሚያው፣ በጸናጽሉና በከበሮው፣ በመላ አካሉ ይማራል። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከራሱ አፍልቆ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ ያርሙታል። የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ አዋቂ መባል የለም። በቁርኣን ቤትም ልጅ በሉሕ ላይ በእጁ እየጻፈ በዜማ ነው የሚቀራው፤ የወሎ መንዙማ ስንት የሃይማኖትና የታሪክ ዕውቀት ተሸክሞ እንደኖረ የሚያውቅ ያውቀዋል። አለንጋው ይቅር እንጂ ዘዴው የራሳችን ነው። በዚሁ በዲሲም ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል አስተምሯል፤ ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው ሥራ ዛሬም በኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ አለ። የእንዲህ ዓይነት ሰዎች ወገን ሆነን ሥዕልን የሥራ ፈት ነገር ስናደርገው ያሳዝነኛል።

የጸሐፊው ስጋት ሁሉ መሠረት የለውም እያልኩ አይደለም። በዋልዶርፍ ዘዴ ንባብ ከሌላው ትምህርት ቤት ዘግይቶ ነው የሚጀመረው። ቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚሰማ ልጅ ይህ ብዙም ላይጎዳው ይችላል። አማርኛ ብቻ ሰምቶ ላደገ ልጅ ግን ወላጅ ነቅቶ መከታተል አለበት፤ ትምህርት ቤቱንም "የእንግሊዝኛ ድጋፍ የሚሰጠው ማነው? በሳምንት ስንት ጊዜ?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ድጋፉ በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው፤ ቻርተር መሆን ከዚህ አያድንም። ፈተናውም አይቀርም፤ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል እንደማንኛውም የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጅ በንባብና በሒሳብ ይፈተናሉ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይወጣል። ከማመልከታችሁ በፊት እዩት። ቻርተር ሊዘጋም ይችላል፤ ፈቃዱን የሰጠው የከተማው የቻርተር ቦርድ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይገመግመዋል፤ ትምህርቱ ደካማ ከሆነ ወይም ገንዘቡ ከተበላሸ ይነጥቀዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ግምገማ ምን እንዳለ መጠየቅ ነውር የለውም።

እኔን ያስቸገረኝ ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ነው። አንዳንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች በዝቅተኛ ክፍሎች ቁጥር ያለው ሪፖርት ካርድ አይሰጡም። መምህሩ ስለ ልጁ ረጅም ሐተታ ይጽፋል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ "ስንተኛ ወጣሽ?" ከሚለው ጥያቄ ልጅን ያሳርፋል። ነገር ግን አራት ገጽ ረቂቅ እንግሊዝኛ ለእኔ ቢጤ ወላጅ ምን ይነግራል? ቁጥር ቢሆን ኖሮ እናነበው ነበር። የመጀመሪያው ሐተታ ሲመጣ ያስተረጎመችልኝ ራሷ ልጄ ናት፤ ሒሳብ ላይ እንደምትቸገር የሚናገረውን አንቀጽ ዘላው አለፈች። ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። ጥፋቱ ሐተታውን በእንግሊዝኛ ብቻ የላከው ትምህርት ቤት ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ዋና ዋና መልእክቶችን በሚገባው ቋንቋ በነፃ የማድረስ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግም አማርኛ ከሚታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኔ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ሁለተኛው ሐተታ በአማርኛ መጣ፣ ለመምህር ስብሰባውም አስተርጓሚ በስልክ ተገኘ። ጠይቁ። ሳትጠይቁ አይመጣም።

ወደ ዕጣው ልመለስ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚቀሩት እዚያ ላይ ነውና። ዲቪ ሲከፈት ቀኑን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ለራሱም ለዘመዱም ይሞላል። የትምህርት ቤቱ ዕጣ ግን አልፎ ነው የሚሰማው። ማይ ስኩል ዲሲ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ በዲሴምበር አጋማሽ ገደማ ይከፈታል፤ ለሁለተኛ ደረጃ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ከቅድመ መደበኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት በማርች መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል፤ ውጤቱ በማርች መጨረሻ ይታወቃል። አንድ ልጅ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል መምረጥ ይችላል። ቀድሞ መሙላት ዕድል አይጨምርም፤ ዘግይቶ መሙላት ግን ልጅን ተጠባባቂ ዝርዝር ጭራ ላይ ያስቀምጣል። "ይህኛው ከባድ ነው አይደርሰኝም" ብሎ የሚወዱትን ወደታች ማውረድም ጥቅም የለውም፤ ዕጣው የተሠራው በእውነት የሚፈልጉትን በቅድሚያ ያስቀመጡ እንዳይጎዱ ተደርጎ ነው። ወንድም ወይም እህት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ካለ ቅድሚያ አለ። ከዲሲ ውጭ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ግን ልብ በሉ፤ በነፃ ለመማር የዲሲ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍላችሁ የምለምነው አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ የማመልከቻውን ቀናት፣ በነፃ የሚያስተምሩትን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ዝርዝርና የኦፕን ሀውስ (ወላጆች ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙባቸውን) ቀኖቻቸውን በአማርኛ አውጡልን፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በየካፌውና በየእንጀራ መሸጫው እንለጥፈዋለን። ትምህርት ቤቶቹም ይህን የሚያነብላቸው ሰው ካለ፣ ለኦፕን ሀውስ የአማርኛ አስተርጓሚ አዘጋጅተው በማስታወቂያው ላይ ይጻፉት። ማመልከቻው ሲከፈት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም፤ ኮምፒዩተር ያስቸገራቸው ወላጆች ካሉ ተቀምጬ አብሬያቸው ለመሙላት ፈቃደኛ ነኝ። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአራተኛ ክፍል ተማሪ እናት
ዋሽንግተን ዲሲ