መሬቱ ጠግቧል

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬህ ዛሬ «እንዴት ከረምክ» ማለቴ ራሴንም አሳቀኝ። አባትህ ያረፉ ጊዜ ወረታ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጫለሁ። እሱን እንኳ አልነገርኩህም። ደብዳቤውን ስጀምረው ስተወው ቆየ። ከዚያ መቆየቱ ራሱ አሳፈረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የዛሬውን ያስጻፉኝ እናትህ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ለጎርፍ ትንበያ ሥራዬ የጉማራን ወንዝ ለማየት ወደ ፎገራ ወርጄ በዚያው እሳቸው ጋ ጎራ አልኩ። ቡና ተፈላ። «ልጄ፣ ዘንድሮ ጎርፍ ይመጣል ትላላችሁ?» አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ ከሩቅ ጀመርኩ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የኛ ክረምት እንደሚሳሳ፣ በ2007 የክረምቱ ዝናብ ቀርቶ በማግስቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ እንደሆነ፣ ብቻ ብዙ ዘበዘብኩ። እስክጨርስ በትዕግስት ሰሙኝ። ከዚያ ተነስተው ጓሮ ወጡና ዱላቸውን መሬቱ ላይ ተከሉት። እስከ ግማሹ ሰመጠ። ሲነቅሉት ጉድጓዱ ውሃ አቆረ።

«መሬቱ ጠግቧል» አሉ። «ከእንግዲህ የሚዘንበው ቤት ነው የሚገባው።»

እኔ ይህንን ለመማር ሰኔ ላይ መዋረድ ነበረብኝ። ጉና ተራራ በኩል ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ስልክ ደወልኩ፣ ወንዙ ይሞላል አልኩ፣ ሰው አስጨነቅኩ። ጉማራ ግን ንቅንቅ አላለም። የፎገራን ዋልካ፣ ያን ጥቁር አፈር፣ መቼም ታውቀዋለህ፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ኳስህ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ያለቀስከውን እናትህ አሁንም ያወራሉ! ያንን ሁሉ ዶፍ ያ ስንጥቅ ጠጣው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ከዚያ ያነሰ ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ከአፉ ወጣ፤ ማሳውን አጥለቅልቆ መንገዱንም ዘጋው።

አንጀኒን፣ አንዲት ጥድንና ማይባርን ታስታውሳለህ? እነዚያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የለኩትን የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ይሄንኑ ነው። ክረምቱ ከገባ፣ በትነት የሚሄደው ተቀንሶለት፣ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስኪጠራቀም ድረስ አፈሩ ይጠጣል። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ከሚዘንበው ላይ ድርሻውን በቁርጥ ይወስዳል።

ሁሌም ግን ጥፋቱ የአፈር አይደለም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀ ጊዜ፣ ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ መስረጊያ ጊዜም አላገኘ።

አሁን የአፈሩን እርጥበት ከላይ ሆኖ የሚለካ ሳተላይት አለልህ። የናሳው ስማፕ የተወነጨፈው በጥር 2007 ነው። ችግሩ፣ የሚያየው ላይኛዋን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የእናትህ ዱላ ይበልጠዋል። ከዚያ በታች ያለውን በኮምፒውተር ሞዴል ማስላት ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው። ሞዴሉን ደረቅ መሬት ሰጥተህ ካስጀመርከው፣ የዝናቡ ትንበያ አንድ ጠብታ ሳይሳሳት እንኳ ወንዙን ያሳንስብሃል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ተነስተን የየቀኑን ዝናብና ትነት እያበላነው እስከ ዛሬ እናደርሰዋለን። ከዚያ ነው ወደ ነገ የምንለቀው። አሰልቺ ሥራ ነው። አለቆች ቀለም የተቀባውን የዝናብ ካርታ ነው የሚወዱት፤ ስለ አፈሩ የተጻፈውን ገጽ ገልጦ የሚያይ የለም።

ያው የጠገበ መሬት ደግሞ ኋላ ውለታ ይመልሳል። ሩዙ ሲነሳ ጓያው የሚበቅለው በዚያ እርጥበት ነው። እናትህ ዘሩን ከወዲሁ ለይተው አስቀምጠዋል።

እህሉን ቆጥ ላይ አውጥተንላቸዋል። ላሟንም እህትህ ቤት ወስደናታል። እሳቸው ግን «ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም» ብለዋል፤ እኔን አልሰሙኝም። ስልካቸው ውሃ ገብቶበት ስለማይሠራ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በእህትህ ስልክ ደውልላቸው። አንተን ይሰሙሃል።

ያንተው